የሆሊስ ሰባ አራት ፓውንድ

የእህቴን ባል ሆሊስን ወድጄው አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ደብቃናለች እንዳትሉኝ ነው።

ሆሊስ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አርባውን ያሳለፈው በቢተርሩት ሸለቆ ከእርሻ እርሻ እየዞረ የፈረስ ኮቴ ላይ ብረት ሲመታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሰው ፈረስ እግር በጉልበቶቹ መሀል ይዞ ስለኖረ ወገቡ አልቋል፤ ቀኝ ትከሻውም እጁን ባነሳ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል። ሥራውን ግን ይችልበታል። የባሰበት ፈረስ እንኳ እሱ ዘንድ ሲደርስ አደብ ይገዛል። የማይችለው ከሰው ጋር መኖርን ነው።

እህቴ ማርሊስ ሠላሳ አንድ ዓመት ችላው ኖራለች። ጠባቸው የሚከርረው ነሐሴ ሲገባ፣ ሁለቱም ደጋናቸውን ለአደን ከግድግዳ ሲያወርዱ ነው። የእሷ የሚሳበው በአርባ ስምንት ፓውንድ ጉልበት ነው፤ የእሱ በሰባ አራት። የእሷ ፍላጻ ከባድ ነው፤ ጫፉም የማይታጠፍ፣ በሁለት አፍ የተሳለ ብረት። የእሱ ደግሞ ፍጥነት ይጨምርልኛል ብሎ የመረጠው ገለባ የሚያህል ነገር ነው፤ ስለቱም ሲመታ ብቻ የሚዘረጋ። እሷ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ ኤልክ ትጥላለች። ያን ፈረስ የሚያክል አጋዘን ፍላጻዋ በአንድ ጎኑ ገብቶ በሌላው ይወጣና ሣር ላይ ወድቆ ይገኛል። እሱ አምስት ዓመት በተከታታይ ባዶ እጁን ተመልሷል። ይህን በቤታቸው ማንም አያነሳም።

አምና ሆሊስ ዕጣ ወጣለት። ከወንዙ በላይ ያለው ክልል ትልልቆቹ ወንድ ኤልኮች የሚውሉበት ነው፤ የሚታደነው በዕጣ ፈቃድ ብቻ ነው። እሱ ለዚያ ፈቃድ አሥራ ሰባት ዓመት ሲያመለክት ኖሯል። በዚህ ዕድሜው ሌላ እንደማይደርሰው ያውቃል። ነሐሴ ላይ ደጋኑን ተሸክሞ ወደ ሱቄ መጣ። እኔ ደጋን አስተካካይ ነኝ።

"ገመዱን ቀይሪልኝ። ሰባ አራቱን እንዳትነኪው።"

ለሁሉም ሰው የማደርገውን አደረግሁ። እግሩ መሬት እንዳይነካ ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

"በል ሳበው፤ ግን ፊት ለፊት። ወደ ሰማይ ከሄድክ ከብዶሃል ማለት ነው።"

ሳበ። ደጋኑ ወደ ጣራው ሄደ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"ኧረ ሆሊስ! ጣራዬ ላይ ኤልክ የለም።"

"ተራራ ላይ ደግሞ ወንበር የለም! እዚያ ማን ይቀመጣል?"

"ወደ ሃምሳ አምስት ላውርደውና ከባድ ፍላጻ ልሥራልህ። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ሰርስሮ ይገባል።"

"ከእህትሽ ጋር ተማክራችሁ ነዋ! ቀሚስም ምረጡልኝ እንጂ!"

"ማርሊስ ያን ሁሉ የጣለችው ቀሚስ ለብሳ አይደለም።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሥራሽን ሥሪ! ካልሆነ ሚዙላ ከተማ ሄጄ ወንድ ያለበት ሱቅ አሠራለሁ።"

ደሜ ፈላ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን እምቢ እል ነበር፣ ብዬም አውቃለሁ። እኔ ግን በሆዴ "ሂድና ተዋረድ" አልኩ። ሰባ አራቱ ላይ አጥብቄ፣ እነዚያን ቀላል ፍላጻዎች በልኩ ቆርጬ ሰጠሁት። አመሰግናለሁ እንኳ ሳይለኝ ወጣ።

መስከረም ላይ ሦስታችን ወደ ተራራው ወጣን። ፈቃዱ የእሱ ብቻ ነበር፤ እኔና ማርሊስ የሄድነው በድምፅ ኤልክ ልንጠራለትና ሥጋ ልንሸከም ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጭ ብሎ ነበር። ማርሊስ ከኋላ ሆና እንደ ሴት ኤልክ እየጠራች በየቀንዱ ስድስት ስድስት ቅርንጫፍ ያለው ወንድ አመጣችለት። ሃያ እርምጃ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። እኔ ከግንድ ሥር ተቀምጬ አያለሁ። ሆሊስ መሳብ ጀመረ። በብርድ የደነዘዘው ትከሻው እምቢ ሲለው ደጋኑን ወደ ላይ አንስቶ ታገለው። እንስሳው ያን አይቶ ሲዞር ፍላጻው ወጣ። የኤልኩ ትከሻ አጥንት ላይ ቋ ሲል ሰማሁት። አንድ ጣት ያህል ብቻ ገብቶ፣ እየተወዛወዘ አብሮት ሄደ።

ሁለት ቀን ሙሉ ዱካውን ተከተልን። ደሙ እየሳሳ ሄዶ ጅረቱ ዳር ጠፋ። በሦስተኛው ጠዋት ሆሊስ ቁርሱን እንደበላ ደጋኑን አነሳ።

በእኛ ድንኳን ደም ያፈሰሰ ሰው፣ እንስሳው ቢገኝም ባይገኝም፣ የዓመቱ አደኑ አብቅቷል። የመንግሥት ሕግ ይህን አይጠይቅም። እኛ ግን ያደግነው በዚህ ነው፤ ሆሊስም አሳምሮ ያውቃል።

"ወዴት ነው?" አለችው ማርሊስ።

"ጭረት ናት፣ አይሞትም። ሌላ እፈልጋለሁ።"

"ሁለት ሌሊት ሲያነክስ ነው ያደረው። ፈቃዱን ወዲህ በል።"

"አሥራ ሰባት ዓመት ነው የጠበቅኩት! አሥራ ሰባት!"

"ወዲህ በል አልኩህ።"

"አልሰጥም! ምን ታመጫለሽ?"

ኮቱ ገና ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ማርሊስ ኪሱን ፈትሻ ወረቀቱን አወጣችና ጠርዙ ላይ ከታተሙት የዕለቱን ወርና ቀን በቢላዋዋ ቆርጣ ጣለች፤ ኤልክ የገደለ ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ በኋላ በዚያ ወረቀት የሚታደን ነገር የለም።

ሆሊስ ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ ደጋኑን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ወንበሩ ላይ ስታስቀምጪኝ፣ እንዲህ እንደሚሆን ገብቶሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ሠራሽልኝ?"

"አንተ ጮኸህብኝ፣ ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ ብለህ" ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ስለምጠላህ።"

ማርሊስ ቢላዋዋን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

"ሂጂና ይህን ለኤልኩ ንገሪው" አለችኝ።

የዚያኑ ዕለት ድንኳኑን ነቅለን በአንድ መኪና ወረድን። ሁለቱ ከፊት ተቀምጠው ስለ መንገዱ ቀስ ብለው ይነጋገሩ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ አያናግሩኝም፤ እውነታቸውን ነው።