ቀያሿና ጥንታዊው ጉብታ

ወርቅአፈራሁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአርባ ምንጭ የሰው ድንበር ስትለካ ኖራለች። ከሲቀላ እስከ ሴቻ አጥሩን ወደ ጎረቤቱ ያልገፋ ሰው ካለ እሷ አላጋጠማትም። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው ግን ድንበር የሌለው ሥራ መጣላት። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የጥናት ቡድን ከኦቾሎ በላይ፣ በተራራው ጀርባ ያለውን አሮጌ መንደር ካርታ ለማንሳት ልምድ ያለው ቀያሽ ፈለገ፤ መሥሪያ ቤቷም እሷን ላከ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነበር። ተፈጥሮ የሠራው መሬት አረንጓዴ፣ ሰው የሠራው ቀይ ይቀባል። የቡድኑ መሪ ዶክተር ሰይፈሥላሴ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ለሁሉም ሰው «አመሰግናለሁ» የሚል ጨዋ ሰው ነው። ችግሩ መንደሩን ከሰማይ በተነሣ ፎቶ አይቶ፣ ገና ተራራውን ሳይወጣ ቀለም ቀብቶ መጨረሱ ነው።

መንገድ መሪያቸው አቶ ኦይታ የተባሉ የመንደሩ ሸማኔ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ሜዳ ደረሱ። ዙሪያውን ትልልቅ ድንጋዮች ቆመዋል።

«እነዚህን ሰው ነው ያቆማቸው» አለ ዶክተሩ። «ቀይ።»

«የለም» አሉ አቶ ኦይታ። «እነሱ ቀድመው እዚሁ ነበሩ። እኛ ነን መጥተን የተቀመጥንባቸው።»

ወረድ ብለው እንሰት ወደ በዛበት ገደላማ ቦታ ሲደርሱ ዶክተሩ «ይህ እንኳ የተፈጥሮ ቁልቁለት ነው» አለ። አቶ ኦይታ ሳቁ።

«ለብቻው ቢተው ኖሮ ይህ ተራራ ድሮ አባያ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ነበር። እያንዳንዱን ደረጃ ሰው ነው የካበው። ያኛው የአያቴ ነው፤ ከሱ በላይ ያለው የአባቱ።»

ወርቅአፈራሁ ተንበርክካ ሣሩን በእጇ ገለጠችው። ከሥሩ በሥርዓት የተደረደረ የድንጋይ ካብ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዐሥር ቀን ከአቶ ኦይታ ጋር ሽቅብ ቁልቁል እያለች ለካች፤ አረንጓዴ የነበረው ተራራ በካርታው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀላ። ዶክተሩ አመሰገናት። ደስ አላት፤ ሠላሳ ዓመት ስትለካ ለልኬቷ ያመሰገናት ሰው አልነበረም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ከጉብታው ደረሱ። ክብ፣ ለስላሳ፣ ከፍታው ከአምስት ሜትር የሚበልጥ ጉብታ ነው። ዶክተሩ ባርኔጣውን አወለቀ።

«መቃብር ሳይሆን አይቀርም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአንድ ታላቅ ሰው መቃብር።»

ወርቅአፈራሁ አቶ ኦይታን አየቻቸው። አቶ ኦይታ የእግራቸውን ጣት ያያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወርቅአፈራሁ የመጀመሪያ ሥራ እዚሁ መንደር የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ማስቆፈር ነበር። ሠራተኞቹ «አፈሩን የት እንድፋው?» ሲሏት በእርሳሷ ወደዚህ ቦታ ጠቆመች። አርባ ሰው ሦስት ሳምንት ተሸከመ፤ አንደኛው ወጣቱ ኦይታ ነበሩ። ማጠራቀሚያው ውኃ የያዘው አንድ ክረምት ብቻ ነው። ከዚያ ተሰነጠቀ፤ የተሰነጠቀውም በእሷ የልኬት ስሕተት ነበር። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የሥራ ልምዷን ስትጽፍም ያንን ዓመት ትዘለዋለች።

ሁለት ቀን ከራሷ ጋር ስትሟገት ቆይታ ዶክተሩ ዘንድ ሄደች።

«ያ ጉብታ የኔ ነው» አለችው። ስለ አፈሩ ነገረችው፤ ስለ ስንጥቁ ግን ዝም አለች።

«ሰነድ አለዎት?»

«የለም። ግን ይቆፈር።»

ተቆፈረ። አንድ ሜትር ላይ የተበጠሰ የፕላስቲክ ጫማ ወጣ። ወርቅአፈራሁ በእፎይታ ተነፈሰች። ዶክተሩ ጫማውን በጥንቃቄ ከረጢት ውስጥ ከተተና «በኋላ ዘመን የገባ ነው» አለ።

«እኔም ተሸክሜያለሁ እኮ» አሉ አቶ ኦይታ።

ዶክተሩ በአክብሮት አዳመጣቸው፤ የተናገሩትንም በማስታወሻው ላይ አሰፈረ። ሪፖርቱ ሲወጣ እንዲህ ይል ነበር፦ «ጉብታው በሰው ጉልበት መሠራቱን የሚያወሳ ጠንካራ አፈ ታሪክ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ አለ።» ካርታው ላይ በቀይ ያከበበችው ራሷ ወርቅአፈራሁ ናት። ከጎኑ «ሰው ሠራሽ፤ ዘመኑ ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈ። ከቃላቱ ግማሹ እውነት ስለሆነ ፈረመች።

ካርታው አርባ ምንጭ ላይ በአንድ አዳራሽ ተመረቀ። ከእንግዶቹ አንዷ ጉብታው ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይህን የሚያህል ሥራ የሠራው ማን ይሆን?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ወርቅአፈራሁ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። «ካርታውን ሳይሆን ጉብታውን ማለቴ...» ስትል ድምፅ ማጉያው ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ አልፎ ነበር።

ከወራት በኋላ ወደ ተራራው ወጣች። ጉብታው በሽቦ ታጥሯል፤ በሩ ላይ አቶ ኦይታ የጥበቃ ኮፍያ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ለሚመጣው ሰው ምን ይሉታል?» አለቻቸው አጠገባቸው ተቀምጣ።

«እውነቱን ነዋ። አፈሩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ይስቁና ፎቶ ያነሱኛል።»

«ስለ እርከኖቹስ ይጠይቃሉ?»

«እስካሁን የጠየቀ የለም።»

ከዚያ ወርቅአፈራሁ ሳታስበው «ማጠራቀሚያው የተሰነጠቀው በኔ ልኬት ነው» አለች። ሠላሳ ዓመት የታፈነ ነገር ባንድ ትንፋሽ ወጣ።

አቶ ኦይታ አልደነገጡም። «እናውቃለን» አሉ።

«ታውቃላችሁ?»

«መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ እንስራ ይዘው ምንጭ በወረዱ ቁጥር ሁለት ዓመት ያህል ሲረግሙሽ ነበር፤ ከዚያ ተዉት። ገና ለሥራው አዲስ ነበርሽ፤ ፊትሽ ላይ ማን ይናገርሽ?»

ወርቅአፈራሁ ሳቋ መጣ፤ ዐይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። አንድ የጎብኚዎች መኪና አቧራ እያስነሣ ሲቃረብ አቶ ኦይታ ተነሥተው ኮፍያቸውን አስተካከሉ።