ተለምኖ የወሰደው ትራንስፎርመር

ወንድሜ በተቀበረ ማግስት፣ ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት አንዱ «ትራንስፎርመር የሰረቀው ሰውዬ እኮ ነው» ሲል ከጀርባዬ ሰማሁ። ለቅሶ ቤት ሰው አይታረምም። ወንድሜ ግን ትራንስፎርመር አልሰረቀም። ለምነውት ነው የወሰደው። እንጀራዬ መዝገብ መጠበቅ ነውና ነገሩ ተጣሞ እንዲቀመጥ አልፈቅድም።

ወንድሜ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ የጫማ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። «ፊውዝ» ይሉታል፤ አለቃና ሠራተኛ በተጋጩ ቁጥር መሃል ገብቶ የሚቃጠለው እሱ ስለነበር ነው። አንድ ዝናባማ ከሰዓት የፋብሪካው ትራንስፎርመር ጨሰና ቀረ። የስፌት መኪናዎቹ ቆሙ፤ የሶል መጭመቂያው ቀዘቀዘ፤ ሰፊዎቹ «ለጊዜው ነው» ተብለው ወደየቤታቸው ተሸኙ። ጋሼ ለሰፊዎቹ አለቃ ለእቴቴ «ሌላ ይመጣል፤ ወንበራችሁ ላይ ትመለሳላችሁ» ብሎ ቃል ገባላት። ቃሉ ጦስ ሆነበት። እቴቴ ገበያ ስትወጣ ሆን ብላ በፋብሪካው በር በኩል ታልፋለች።

«እህስ ፊውዝ፣ ዛሬም ላም አለኝ በሰማይ ነው?»

«ማመልከቻው ሄዷል እኮ፣ እቴቴ።»

«እሱስ ሄደ። እኛ ነን ቤት የቀረነው።»

እንዲህ እያሉ አንድ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን በማመልከቻው መልስ ፈንታ የምሥራች መጣ፤ ፋብሪካው በኃይል ቁጠባ ከከተማው አንደኛ ወጥቷል። ማመልከቻው የተላከለት የቁጠባ ቢሮ ከዓመት ዓመት የኤሌክትሪክ ፍጆታውን በብዛት የቀነሰ ድርጅት ይሸልማል። የጫማ ፋብሪካውን የሚጠጋው አልተገኘም፤ ቆጣሪው ንቅንቅ አላለምና። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ሰፊዎቹን ለሽልማቱ ቀን ብቻ አስጠራቸው። በቆሙት መኪናዎች ኋላ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እቴቴም መርፌ የሌለው መኪና ደረሳት።

የቢሮው ኃላፊ ድምፅ በማይሰጥ ማይክሮፎን ንግግር አደረጉ። ቁጠባና ዘላቂ እድገት እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱበት ፋብሪካ ይህ ነው አሉ። ተጨበጨበ። ዋንጫውን ሰጥተው ሲያበቁ ወደ ጋሼ ዞሩ።

«እስቲ ልምድዎን ያካፍሉን። በምን ዘዴ ቀነሳችሁ?»

«መጀመሪያ መኪናዎቹን አሳረፍን» አለ ጋሼ። «ቀጥለን ሰዎቹን።»

ኃላፊው ለጸሐፊያቸው «ያዝልኝ» አሉ። የእቴቴ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጋሼ ግን አልሳቀም።

«ጌታዬ፣ ትራንስፎርመራችን መቼ ይመጣል?»

«ትራንስፎርመር የሚታደለው በአምናው ፍጆታ ልክ ነው። የእናንተ ምንም ነው፤ ስለዚህ የሚደርሳችሁም ምንም ነው። በዚያ ላይ ያለሱ መሸለም እንደሚቻል አሳይታችሁናል።»

«ፍጆታ እንዲኖረን እኮ ትራንስፎርመር ያስፈልገናል።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ ኃላፊው። «በዚህ ላይ ጥናት ይደረግ።»

ከዚያ በኋላ ጋሼ ልምድ እንዲያካፍል በየድርጅቱ ይላክ ጀመር። እንደዚያ ያለ ጭብጨባ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። አጥር ለአጥር የሚገናኙት የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት ግን ሳያጨበጭቡ ሰምተው፣ በማግስቱ የሳሙና መቀላቀያዎቻቸውን አቁመው ጋሼን አስጠሩት።

«አንተ እንዳልከው አሳረፍኳቸው። ሰዎቹንም አሰናበትኩ። ቆጣሪው ግን አሁንም ትንሽ ትንሽ ይላል። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?»

ጋሼ ግቢውን ዞሮ ሲያይ፣ የባለቤቱ የግል ንብረት የሆነ ደህና ትራንስፎርመር ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ በባዶ ሜዳ ያንጎራጉራል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል።

«ትራንስፎርመር ሥራ ቢፈታም መስመር ላይ እስካለ ድረስ ይበላል» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ባለሙያ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

«ታዲያ ልፈንግለው?»

«ግቢዎ ውስጥ መታየቱ ራሱ ጥሩ አይደለም። የሽልማት ኮሚቴው አይን አለው።»

ባለቤቱ ደረታቸውን ያዙ። «በናትህ፣ የኔ ወንድም፣ ውሰድልኝ። እናንተ ጋ ይቀመጥ።» የጉልበት ሠራተኞቹን የጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሲወርድ ገመዱን የያዙትም እሳቸው ናቸው። በጫማ ፋብሪካው ግቢ መስመር ለመቀጠል የመጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢል፣ «ለቁጠባ ነው» አሉት፤ ቀጥሎ ሄደ።

የሳሙና ሠራተኞቹስ? ወንድሜን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ እሱም ራሱን ይወቅስ ነበር። ግማሾቹ ጫማ ፋብሪካው ሶል ማጣበቅ ገቡ፤ ግማሾቹ የትም አልገቡም። ባለቤቱ በዓመቱ ዋንጫቸውን ወሰዱ።

ይህን ሁሉ ያጫወተኝ ጋሼ ነው። ሲስቅ፣ ሳቁ ካለቀ በኋላ የምትከተል አንዲት አጭር ትንፋሽ ነበረችው። የሰው ሁሉ ወረቀት ቦታ አለው፤ ያቺን ትንፋሽ የት እንደማኖራት አላውቅም።

ሰፊዎቹ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። የፋብሪካው ፍጆታም ከምንም ተነስቶ ወጣ፤ ጭማሪው በመቶኛ አልሰላ ስላለ የቢሮው ባለሙያዎች ተሰብስበው «ከልክ ያለፈ» ብለው አለፉት። ኃላፊው የወቀሳ ደብዳቤ ይዘው ራሳቸው መጡ። መኪናዎቹ ይንጫጫሉ፤ ኃላፊው ቢጮኹም አልተሰሙም። ጋሼ ጆሯቸው ድረስ ተጠጋ።

«ጌታዬ፣ ሴቶቹ ሥራ ላይ ናቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ይውቀሱኝ።»

ቆዳ ክምር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። እቴቴ በአጠገባቸው ስታልፍ የቀኝ ጫማቸው ሶል አፉን ከፍቶ አየች።

«ያውልቁት» አለቻቸው።

«ግድ የለም፣ እመቤቴ።»

«ያውልቁት አልኩ። በዚህ ጫማ ሰው አይወቀስም።»

የምሳ ደወል ሲደወል ጫማው ተጨምቆ ወጥቶ ነበር፤ ማጣበቂያው ግን ገና ትኩስ ነው። «እስኪደርቅ እንዳይረግጡበት» አለች እቴቴ። መሬቱ ሚስማር በሚስማር ስለሆነ፣ ኃላፊው ወቀሳውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበቡት በአንድ እግራቸው ቆመው፣ የጋሼን ትከሻ ተደግፈው ነው። ጋሼም እንዳይወድቁ ክንዳቸውን ይዞ አስጨረሳቸው።