የልጅ ልጄን ያስነበበችው መምህርት

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ቅናቴን ለመናዘዝ ነው። በሠላሳ አምስት ዓመት የመምህርነት ዘመኔ በባልደረባ ቀንቼ አላውቅም ነበር።

ዛሬ የልጅ ልጄ ማህሌት አንድ ገጽ ሙሉ አነበበች። ያነበበችው ግን ለእኔ ሳይሆን ለመምህርት ዘሐራ ነው። ዘሐራ እዚህ መካነ ሰላም ፊደል የሚምታታባቸውን ልጆች በየቅዳሜው ታስጠናለች።

እኔ ሁለት ዓመት ተቆጥቼ ያላስለየኋትን «ለ»ን እና «ሰ»ን፣ ዘሐራ አሸዋ ላይ በጣት እያስጻፈች በአንድ ክረምት አስለየቻት።

ማህሌት ስትሳሳት ላርማት አፌን ከፈትሁ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ዝም ይበሉልኝ፤ ራሷ ትመለስበታለች» አለችኝ ዘሐራ። ልጅቱም ተመለሰችበት። (ከዚህ በፊት ዝም ያሰኘችኝ ሟች ባለቤቴ ብቻ ነበረች።)

ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅናት ያዘኝ፤ ይመር ትዝ አለኝና። ድርቁ የቤተሰቡን በሬዎች በጨረሰበት፣ አብዮቱም በፈነዳበት ዓመት ያስተማርሁት ልጅ ነው። በቃል የነገሩትን ሁሉ ይይዛል፤ መጽሐፍ ሲሰጡት ግን ይንተባተባል።

«ሰነፍ ነህ፤ ሂድና እረስ» ብዬ ከክፍል አስወጣሁት። በምን በሬ እንደሚያርስ አልጠየቅሁም። ተመልሶም አልመጣም።

በዘሐራ የቀናሁት ከእኔ በላይ ስላወቀች ብቻ አይደለም፤ ያባረረችው ልጅ ስለሌለ ነው።

ይመር፣ በሕይወት ካለህ፣ እንዲሁም እንደ አንተ ከክፍል የተባረራችሁ ሁሉ፣ ያጋጠማችሁን እስከ መጪው እሑድ በጽሑፍ ግለጹልኝ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ፤ ራሳችሁ ከጻፋችሁም አንዲት ፊደል አላርምም።