በካልሲ የተጎበኘው ቤተ ክርስቲያን

የከተማዋን ስም ረስቼዋለሁ። ከምንኖርባት ከኦሮራ ከተማ ተነስተን ከልጄ ጋር የካሊፎርኒያን ባሕር ዳርቻ ቀስ እያልን ስንጎበኝ፣ ሙዚየም የሆነ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጋ ፓርክ አደረገች። እንደ ልማዳችን ጫማችንን ደጁ ላይ አውልቀን ገባን። ዘወር ስል፣ ተከትለውን የገቡት ፈረንጆች ሁሉ ደንቡ መስሏቸው በካልሲ ቆመዋል።

«አባዬ፣ ጉድ አፈላህ። ሂድና ንገራቸው።»

«ዝም በይ፣ ያባርሩናል» አልኳት።

ወዲያው አስጎብኚዋ መጣች። ጫማ ያደረገችው እሷ ብቻ ስለነበረች ሁሉም እግሯን አፍጥጦ አየ። ፊቷ ቀላ፤ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። እኛም ሹልክ ብለን ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቦታ ወሬ የሰማሁት ባለፈው የፋሲካ ማግስት ነው። እኛው አጠገብ ሌክውድ የሚኖር ወዳጄ እዚያ ደርሶ መጥቶ ደወለልኝ። ደጁ ላይ የጫማ መደርደሪያ ቆሟል አለኝ። አስጎብኚዋም «ከጥንት የመጣ ደንባችን ነው» ብላ አስወልቃዋለች።