መለሰ የበሳው የወፍጮ ወንፊት

መለሰ የብረት ሥራን ከማንም አልተማረም። ገበሬ ነበር። አንድ ክረምት ማረሻው ሲሰበርበት «እስቲ ራሴ ልሞክረው» ብሎ እሳት አጠገብ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም ማለት ይቻላል። የበር ማጠፊያ ይሠራል፣ መጥረቢያ ይስላል፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ደወል ምላሱ ሲወድቅ የቀጠለውም እሱ ነው። ሰዎች «ቀጥቃጭ» ሲሉት አይቆጣም። «ብረቱን እንጂ ማንን ቀጠቀጥሁ?» ብሎ ይስቃል።

ከንብረቱ ሁሉ የሚኮራው ከደሴ በገዛት የእጅ መሰርሰሪያ ነበር። በደረት ተደግፈው እጀታዋን ሲያዞሯት ጫፏ ላይ ያለው ፑንታ እየተሽከረከረ ይበሳል። መለሰ ሲያዞራት እጁ አይታይም።

«ጧት ከመኝታው እየተጎተተ የሚነሣው ሌላ ሰው መሆን አለበት» ትለው ነበር ሚስቱ አበቡ።

ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጣ፤ ድርቁ የበረታበት ዓመት። ሁዳዴ ሲገባ የእርዳታ ስንዴ በመኪና እየመጣ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ይታደል ጀመር። ሰው ሁሉ ተመስገን ባለ ማግስት የከተማው ወፍጮ ወንፊት ተቀደደ። ይህ ወንፊት በወፍጮው ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ባለ ቀዳዳ ብረት ነው፤ እሱ ከሌለ ስንዴው እንደ ገባ ይወጣል። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ በሽር ደሴ ድረስ ሄዶ ፈልጎ ባዶ እጁን ተመለሰ።

የድንጋዩን ወፍጮ ሰው ሞተር ከመጣ ወዲህ ከየቤቱ አውጥቶ ጥሎታል፤ ስለዚህ ስንዴው ንፍሮ ሆነ። ጥርስ ያለው ይቆረጥመዋል። የአበቡ እናት እማማ ንግሥቴ ግን ጥርስ አልነበራቸውም። ፍሬዋን በአፋቸው ሲያንከባልሉ ይቆዩና ማንም ሳያያቸው ያወጧታል። ቀን በቀን እየቀለሉ ሄዱ። አበቡ እናቷን ደግፋ ስታስነሣቸው ክብደት እንዳልተሰማት ለመለሰ ነገረችው።

በዚህ መሀል የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ካሳ ከተሰበረ የክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ የተነቀለ ወፍራም ላሜራ በሁለት ሰው አሸክሞ መጣ። የማይዝግ ብረት ነው፤ እንደ መስተዋት ያበራል።

«ጓድ መለሰ! አብዮቱ ይህን ላሜራ እንድትበሳ ይፈልጋል!»

«አብዮቱ ስንት ቀዳዳ ይፈልጋል?»

«እንደ አሮጌው ነዋ! ሞልቶ የተረፈ።»

መለሰ አሮጌውን ወንፊት አገላብጦ አየው። ቀዳዳዎቹ ከተጠጋጉ ብረቱ ይቀደዳል፣ ከተራራቁ ዱቄቱ አይወርድም፣ አንዱ ከሰፋ ደግሞ ክኩ በእሱ ያመልጣል። ጥልፍ የምታውቀው አበቡ ክር ጥላሸት አስነክታ ላሜራው ላይ ወጠረችና በጣቷ አንሥታ ለቀቀችው፤ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ታተመ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሁለተኛው ረድፍ በመጀመሪያው ረድፍ ቀዳዳዎች መካከል እንዲውል አደረገችው። መለሰ በየቦታው በሹል ብረት ነጥብ መታ።

ከዚያ ላሜራውን ከበሩ መቃን ጋር አስሮ፣ መሰርሰሪያዋን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ እጁ እስኪጠፋ አዞረ። ብረቱ ጮኸ፣ ጨሰ። ሲያየው ቀዳዳ የለም። ነጥቧ እንደ ብርጭቆ አብለጭልጫለች፣ የፑንታው ጫፍ ሰማያዊ ሆኗል። ፑንታውን ስሎ ቦታ ለወጠና የባሰ አፈጠነ። ይኸኛውም አብለጨለጨ።

«በል ጺምህን እያየህ ተላጭበት» አለው ሊያይ የመጣው በሽር።

በማግስቱ እማማ ንግሥቴ ከመደባቸው አልተነሡም። መለሰ ቅዳሴ ቆሞ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ላሜራው ተመለሰ። አበቡ መስመሩን ከተበላሹት ነጥቦች ፈቀቅ አድርጋ እንደገና አትማለታለች። እሱ ግን ጉልበቱ ከድቶታል። መሰርሰሪያዋ ላይ እንደ መቋሚያ ሙሉ ክብደቱን ጣለና እጀታዋን እንደ ደከመው ሰው፣ ቀስ፣ ቀስ እያደረገ አዞራት።

ብረቱ አልጮኸም። ከፑንታው ጫፍ ረጅም፣ የተጠቀለለ የብረት ልጣጭ ወጣ። ሌላ ዙር፣ ሌላ ልጣጭ። ደስ ብሎት ቢያፈጥን ብረቱ ወዲያው ጮኸ፤ ደንግጦ ቀስ አለ።

«ለካ ስታሽው ይደነድናል፤ ስትነክሰው ነው እሺ የሚል!» አለ።

«ጾሙ ነው ያስተማረህ» አለ በሽር። ቤቱ ሮጦ ለወፍጮው ቀበቶ ያስቀመጠውን ሞራ አምጥቶ «ፑንታውን ቀባው፣ አይግልም» አለው።

መለሰ እጁን ሰበሰበ። «በሁዳዴ? ደግሞ የእናንተ እርድ!»

«ወላሂ፣ ልትበላው ነው እንዴ? ብረቱ አይጾም!»

«ዘንድሮስ ያልጾመ ብረቱ ብቻ ነው» አለች አበቡ። መለሰም እየሳቀ ቀባ።

ሲደክመው በሽር እየተቀበለው ረድፍ በረድፍ ሄዱ። አበቡ የሰፋ ቀዳዳ እንዳይኖር በአንዲት ሚስማር እየለካች ከኋላ ትከተላለች። ላሜራው ተበስቶ ሲያልቅ እንደ አሮጌው እንዲታጠፍ በርሜል ላይ አጎበጡት፤ ጓድ ካሳ ራሱ ካፖርቱን አውልቆ ተጫነው። በሽር ወንፊቱን ገጥሞ ሞተሩን ሲያስነሣ ወፍጮው አጓራ። ከታች ዱቄት ሲወርድ በሽር እጁን ሰዶ አሻሸው።

«አልሐምዱሊላህ!»

«እሰይ፣ ተመስገን!» አለ መለሰ።

የመጀመሪያውን ዱቄት በወፍጮ ቤቱ ደጅ የቆመው ሰልፈኛ ለእማማ ንግሥቴ ለቀቀላቸው። አበቡ ቤት ወስዳ አጥሚት አፈላችና በጣሳ አቀረበችላቸው። አሮጊቷ ፉት አሉ። ደግመው ፉት አሉ። መለሰና አበቡ አፍ አፋቸውን ያያሉ።

«ምነው ልጄ፣ ጨው ረሳሽ እንዴ?» አሉ እማማ ንግሥቴ።

አበቡ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። መለሰ ደጅ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ማርያም አዙሮ አማተበና፣ ጨው ሊለምን ወደ በሽር ቤት ገሰገሰ።