እናቴን የሚያሸንፍ አስተማሪ

በወረቀት ላይ ሥራዬ አራት ሰዎችን አሠልጥኜ፣ የስኳር ሕመምተኞች ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ የሚያስተምሩ አስተማሪዎች ማድረግ ነበር። በልቤ ግን ሌላ ነገር ነበር የምፈልገው፤ ከአራቱ አንዱ እናቴን እንዲያሸንፍልኝ!

እናቴ ስኳር ነበረባት። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ቆስሎ አልድን ብሎ ሐኪሙ "ስኳሩ ካልወረደ እግሩ ይቆረጣል" ብሎኝ ነበር። ኪኒኗን አንድ ቀን አታዛንፍም። ጉዱ ያለው ጎረቤት ዘንድ ነው፤ "በሞቴ!" ካሏት ማር ይሁን ጠጅ የቀረበላትን ሁሉ ትቀምሳለች። "ሰው በሞቱ ለምኖኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? አውሬ ነኝ?" ትለኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስሁ። ወይ ፍንክች! ነርስ ብሆን ለሷ ያው ያጠባችኝ ልጅ ነኝ፤ "ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች" ብላ ትስቅብኛለች።

ሥልጠናው በቀበሌው አዳራሽ ተጀመረ። ሊቀመንበሩ ግራ እጃቸውን ጨብጠው አንሥተው "ስኳርን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!" አሉ፤ እኛም እጃችንን ጨብጠን አስተጋባን። እንደ እውነቱ ከሆነ ስኳሩ ዱሮም በቁጥጥራቸው ሥር ነበር፤ ለወሩ የስኳር ራሽን ከሳቸው ደጅ ስንሰለፍ ነበር የምንውለው። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ስል ጠመኔ ጣልሁና ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ቆየሁ።

ሠልጣኞቼ ሁለት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች፣ አንድ የሳይንስ መምህርና ከሐይቁ ዳር የመጡ ጀልባ የሚሠሩ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ሽንትን ከሰማያዊው መድኃኒት ጋር አፍልቶ የስኳሩን መጠን ከቀለሙ ማንበብ በሁለት ቀን ለመዱ። እግር ማጠቡን፣ ጫማ ውስጥ ጠጠር መፈተሹን እንደ ውኃ ጠጡት። ያቃታቸው እምቢ ማለት ነው።

ዳቦ አምጥቼ አለማመድኋቸው። "አንቺ ባለቤት፣ አንተ እንግዳ። ትለምኚዋለሽ፤ እሱ በትሕትና እምቢ ይላል።" ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ቆርሳ "አፈር ስሆን!" አለችው። መምህሩ "ይቅርብኝ" አላት። "በሞቴ!" "ይቅርብኝ።" ልምምድ መሆኑን ረስታው ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ንቀኸኝ ነው! የፋብሪካ ሴት ስለሆንሁ ነው!" ብላ ዳቦውን ወረወረችው፤ እሱም ደንግጦ ካንገቱ ዝቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቀና ሙሉውን በላላት። በሳቅ ልንሞት ደረስን። እሷ ግን እስከ ማታ አላናገረችውም።

የመጨረሻው ፈተና አንዲት አስቸጋሪ ሕመምተኛ ቤት ሄዶ ማስተማር ነው አልኋቸው። የማን ቤት እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላልሁም። ቀኑ ሲደርስ እኔ ሻዬን ይዤ እናቴ ቤት ጓዳ ገባሁና ከመጋረጃው ኋላ ቁጭ አልሁ።

የመጀመሪያዋ ሴት ገብታ ገና "እንደምን ዋሉ" ከማለቷ ማር የተቀባ ዳቦ ጎረሰች፤ ስትወጣ ለልጆቿም ተቋጥሮላታል። ሁለተኛዋ ጭራሽ "እጅዎ ይባረክ፣ ይሄ ዳቦ ምን ገብቶበት ነው?" እያለች አሠራሩን ተምራ ሄደች። መምህሩ የቆሽት ሥዕል ዘርግቶ ደህና አድርጎ አስረዳ። እናቴ አስጨርሳው "ደከመህ የኔ ልጅ፣ በሞቴ!" አለችው፤ አገጩ ማር እንደነካው ወጣ። ነጠላዬን ነክሼ ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ እግሯ ትዝ አለኝና ሳቄን ዋጥሁት።

በመጨረሻ ሽማግሌው ገቡ። እናቴ ሳህኑን አቀረበች። "በሞቴ፣ ቅመሱልኝ!"

"ጾም ነኝ፣ እትዬ።"

ረመዳን ነበር። እናቴ ሳህኑን መንጭቃ ሸሸገች። "ውይ ሞት ይርሳኝ! ይቅር ይበሉኝ፣ ጾመኛ ፊት ምግብ!" ሽታው እንዳይፈትናቸው ብላ ማሩን በጨርቅ ሸፈነችው።

"እምቢ በማለቴ አልተቀየሙኝም?" አሏት።

"ምን በወጣኝ! ጾመኛን ማን ያስገድዳል?"

"እንግዲያስ እርስዎም ሲለምኑዎት ጾም ነኝ ይበሉ።"

"ዛሬ የምን ጾም አለና? ልዋሽ?"

"የጣፋጭ ጾም ነዋ። ሐኪም አዘዘዎት፣ እግርዎን ሊያድኑ ይጾሙታል። ይሄ ውሸት ነው?"

ይህን እኔ አላስተማርኋቸውም! እናቴ ጨርቁን ገልጣ ማሩን አየችና መልሳ ሸፈነችው። እልል ልል ምን ቀረኝ?

"መፍቻውስ መቼ ነው?" አለች።

"የእኛ ማታ ይፈታል። የእርስዎን እኔ አላውቀውም።"

ብርጭቆዬን እንደያዝሁ ከጓዳ ወጣሁ። ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ፤ መልካችን አንድ ነውና ነገሩ ገባቸው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ "ቁስሉ እስኪድን ብቻ ነው" እያልሁ ስዋሻት ኖሬያለሁ፤ እውነቱን ከነገርኋት ተስፋ ትቆርጣለች ብዬ።

"መፍቻ የለውም፣ እማዬ" አልኋት። "ዕድሜ ልክ ነው።"

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ እያነከሰች መጣችና ብርጭቆዬን ከእጄ ወሰደችው። ወደ ብርሃን አንሥታ ሥሩ የተኛውን ስኳር አየች።

"ዕድሜ ልክ ከሆነስ ብቻዬን አልጾምም" ብላ ሻዬን ደጅ ደፋችው። "በይ፣ ዛሬ አብረን እንያዘው።"

እናቴ በሁለት እግሯ ቆማ ኖራ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆነ። እኔ ሻዬን ዛሬም ያለ ስኳር ነው የምጠጣው።