ዳሲቱና የፈረንጅ ላሟ

ዳሲቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ አቃቂ ወንዝ ዳር ብቻዋን ትኖር ነበር። የገጠር ሴቶችን ኑሮ ያሻሽላል በተባለ የመንግሥት ፕሮግራም አንዲት የፈረንጅ ላም ደረሰቻት። ያመጣችላት ኢፍቱ የምትባል የግብርና ባለሙያ ነበረች።

«እትዬ ዳሲቱ፣ ከወንዙ እንዳያጠጧት፤ የፋብሪካ ፍሳሽ አለበት። ቧንቧ በሁለት ወር ይገባል» አለቻት።

ሁለት ወር የተባለው ዓመት አለፈው። ዳሲቱ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ቦኖ በየቀኑ በጀርባዋ ጀሪካን እያመላለሰች አጠጣቻት። ወገቧ ጎበጠ፤ ወተቱ ግን ጉሮሮዋን ደፈነላት።

ኋላ ታይፎይድ ጣላት። ጎረቤቶቿ መሬታቸውን ለኮንዶሚኒየም ግንባታ ለቀው ስለሄዱ ውሃ የሚቀዳላት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን የላሟን ጩኸት መቋቋም ሲያቅታት እየዳኸች ወጥታ ገመዱን ፈታችላት። ላሟ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደች፤ በማግስቱ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች።

ኢፍቱ ወሬውን ሰምታ ስትመጣ ዳሲቱ ቀደመቻት።

«የነገርሽኝን ረስቼ አይደለም፣ ልጄ። በውሃ ጥም ስትጮህ አላስችል ብሎኝ ነው።»

ኢፍቱ አጠገቧ መደቡ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ቧንቧው እስከ ዛሬ አልገባም። ዳሲቱ ከሕመሟ ተነስታ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሰው ልብስ እያጠበች ትኖራለች።